ብርቄ ፊት ላይ ያፈሰስኩት ጠበል

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ፣ ሙቀቱ ሊጀምር ሲል ነው። ብዙ ዕድሜ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። ዛሬም ውሃ ስቀዳ ትዝ ይለኛል።

እኔ ከአገሬ ወጥቼ፣ ሀራሙስ በሚባል የባሕር ዳርቻ ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ ነኝ። የእህቴ ልጅ ብርቄ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትሠራለች። ብርቄ ወደ የመን ስትሻገር ጀልባው ተገልብጦ ብዙ ሰው ሲሰጥም ከባሕር ያወጧት ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ፊቷን ከነካት ትንፋሿ ይቆማል። ፊቷን እንኳ የምትጠርገው በእርጥብ ጨርቅ ነው። እመቤቷ ልጆቹን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይዘሽ ውረጂ ስትላት እግሯ አልታዘዝ አላት። “ካልተሻላት ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ” አለች እመቤቷ።

ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ዓርብ ዓርብ የአገራችን ሴቶች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አለ። ሲስተር ሰናይት የምትባል ነርስ፣ ድንጋጤ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚወጣውም በሰውነት ነው እያለች እንቅስቃሴ ታሠራቸዋለች። ብርቄ ብቻዬን እፈራለሁ ስላለች አብሬያት ሄድኩ።

ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጠፉ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ እርስዎም ይተኙ እንጂ!” አለችኝ አንዷ።

“ዘበኛ አይደለሁ? እኔ ቆሜም እተኛለሁ” አልኳት። ሳቁ።

ትንሽ ቆይቶ የብርቄ ጭን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ሆዷ፣ ከዚያ ትከሻዋ። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሲስተር “አትያዢው፤ ይንቀጥቀጥ፣ ይውጣ” ትላታለች። እኔ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያየሁት ጠበል ቦታ ነው። ወይኔ ልጄን፣ ያዛት! አልኩ። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ የሰፈራችን ልጅ ከአገር ቤት በትንሽ ጠርሙስ ያመጣልኝ ጠበል ኪሴ ውስጥ ነበር። በስመ አብ ብዬ ፊቷ ላይ አፈሰስኩት።

ጠበልም ውሃ መሆኑ ትዝ ያለኝ ዓይኗ ሲፈጥጥ ነው። አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም፣ ትንፋሽም የለም። ጠርሙሱ ከእጄ ወደቀ። በገዛ እጄ ገደልኳት አልኩ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሲስተር አልጮኸችብኝም። አጠገቧ ተንበረከከች። “ብርቄ፣ እግርሽን ወለሉ ላይ ጫን አድርጊው። ወለሉ ይሰማሻል? አሁን የት ነሽ?”

እግሯን ወለሉ ላይ ጫነች።

“የት ነሽ፣ የኔ እናት?”

“ካርቲዬ ሁለት” አለች፤ ተነፈሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “ጋሼ፣ እርስዎም ሊያሰምጡኝ ነው?” አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ሲስተር ፎጣ እያቀበለቻት፣ “ጠበሉ መልካም ነው አባባ። ግን አስቀድመው ይጠይቋት” አለችኝ።

ብርቄ መሄዷን አልተወችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ውጭ ሆኜ ነበር የምጠብቃት። በቀደም ዓርብ ከአዳራሹ ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ባልዲ አጠገብ ቆመች። መዳፏን ዘረጋችልኝ።

“ጋሼ፣ ያፍሱልኝ። ቀስ ብለው።”

በጣሳ ቀዳሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ላስቆመው ብል እምቢ አለኝ።

“አይያዙት ጋሼ፣ ይንቀጥቀጥ” አለችኝ። ፊቷንም ታጠበች።

ባሕሩን ገና አልደፈረችውም፤ እመቤቷ ግን ለጊዜው ልታገሥ ብላለች። ሾፌሩም ሌላ ጠበል አምጥቶልኝ ኪሴ ውስጥ አለ። ሳልጠይቃት ክዳኑን አልከፍትም።