ዞሯል
እትዬ ዳሲቱ ቂሊንጦ እርሻ በነበረበት ዘመን የተወለዱ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። ስማቸው እስከ ቱሉ ዲምቱ ይጠራል። ቁርጭምጭሚቱን ይዞ የመጣ ሁሉ ከሳቸው የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ጅማቱ ዞሯል።» የዞረ ነገር ደግሞ መመለስ አለበትና ቅቤ አሙቀው ማሸት ይጀምራሉ።

ባለፈው ክረምት ልጃቸው ፌኔት ከፋብሪካው ሰርቪስ ስትወርድ እግሯ ታጠፈ። ፌኔት ቀኑን ሙሉ ቆማ ጨርቅ የምትቆርጥ ሠራተኛ ናት፤ ቤቱም የሚተዳደረው በሷ ነው። መቆም ካልቻለች ሥራ የለም። እናት በጭንቀት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አሿት፤ እሷም ነጠላዋን ነክሳ ቻለችው። በአራተኛው ቀን እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ።

ጎረቤት ነኝና ደግፌያት ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ዘአማኑኤል የሚባለው ወጣት ነርስ እግሯን ዳሰሰና ፊቱ ተቀየረ።

«ማነው ያሸው?»

ፌኔት መሬት መሬት እያየች፣ «አንድ የሰፈር ሰው» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዳሲቱ።

ነርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ጅማቱ አልዞረም። ከልክ በላይ ተስቦ ተጎድቷል፤ ማሸቱ ደግሞ አባሰው። ደግነቱ አጥንቱ ደህና ነው። አትርገጥበት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሥር አሥር ደቂቃ ያዙላት፣ በፋሻ ሳታጠብቁ እሰሩት፣ ስትተኛ ትራስ ላይ ከፍ ይበል። ማሸት ግን ይቅር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዳሲቱ ከሙህሲን ሱቅ ፍሪጅ በረዶ በፌስታል ያመላልሱ ጀመር። በረዶውን ይዘው ሲያበቁ እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ይቀመጣሉ። ልጅ እያመማት እጅን መሰብሰብ ለሳቸው ምን ያህል እንደከበደ ሳይ አንጀቴን በሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ፌኔት ረገጠች። አለቃዋም ቦታዋን ለሌላ አልሰጠባትም። እናት ግን ፊታቸው አልፈታም።

«እትዬ፣ ዳነችልዎት እኮ!» አልኳቸው።

«የኔዋ ዳነች። የሰውን ልጆች ግን አሽቼ ሸኘኋቸው። አንድ እንኳ ተመልሶ ‹ጎዳሽኝ› ያለኝ የለም። አንተ የሰማኸው አለ?»

የዛሬ ስድስት ዓመት እሳቸው ያሹት ግራ እግሬ ብርድ ሲሆን ዛሬም ያስነክሰኛል። በጊዜው ነግሬያቸው ቢሆን ምናልባት የፌኔትን እግር አያሹትም ነበር።

«ኧረ የለም» አልኳቸው።