ከጎኔ የተኛችው ልጅ ዱዳ አይደለችም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። ለመጻፍም አፈርኩ፤ ዛሬ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ።

በሐኪም ቤቱ ከጎኔ የተኛችው ትንሽ ልጅ ከትኩሳቷ ወዲህ ቃል አልወጣትም። ንግግር ያለማምዷታል። ጣልያኑ ሐኪም በቋንቋው ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ይደግማል።

«እስቲ ውሃ በይ፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሁለት ቋንቋ ሲደክምላት፣ የራሷ ጌዴኦኛ ተረሳ።

«ዱዳ ናት። ልምምዱ ይቅርና ነገ ቤቷ ትሂድ» አለ አስተርጓሚው።

እነሱ ሲወጡ ልጅቷ መስኮቱ ላይ የቆመችን አንዲት ዶሮ በደከመ ድምፅ፣ በጌዴኦኛ «እናቴን አየሻት?» አለቻት።

እኔም የጌዴኦ አገር፣ የጪጩ ልጅ ስለሆንኩ ገባኝ። ግን እኔ ስናገር እንተባተባለሁ፣ ሰው ይስቃል። መጥቶ የሚጠይቀኝም የለም።

እናንተስ አፍራችሁ የዋጣችሁት ቃል አለ? ጻፉልኝ።

ነገ ሐኪሙ አልጋዋ ጋ ሲደርስ፣ ብንተባተብም እናገራለሁ።