ለእንግዳ ንቦች የተደረገ አቀባበል

ኮተቤ፣ ገና ሳይነጋ

እንግዶቹ ያደሩት በጓደኛዬ በግብርና ባለሙያው በይርጋ መኝታ ቤት ነው። ብርድ እንዳይመታቸው አልጋውን ለቆላቸው እሱ ሳሎን ወንበር ላይ ተኮራምቶ አነጋ። እንግዶች የምላቸው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በአውሮፕላን የመጡ ንቦች ናቸው፤ ሦስት የእንጨት ሣጥን ሙሉ። እንደኛ ንብ ቀጫጭን አይደሉም። ድብልብል፣ ፀጉራም፣ ድምፃቸውም ወፍራም ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋሽ ታፈሰ በሣጥኑ ወንፊት አጮልቀው አዩና፣ የእንጦጦን ብርድ ሰምተው ካፖርት ለብሰው ነው የመጡት አሉ። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ፤ አቀባበሉን እንድዘግብ ታዝዤ አብሬያቸው ወጣሁ።

ላምበረት፣ ጠዋት

ሻይ ቤት ቆምን። ትኩስ ፓስቲ፣ ብዙ ስኳር ያለው ሻይ፣ ጭነታቸውን አስደግፈው የሚያዛጉ ወዛደሮች። ይርጋ ምንም በአፉ አላደረገም። ነገሩ ወዲህ ነው። እንጦጦ ላይ ለወተት ላሞች የተዘራ ቀይ ማገጥ የሚባል መኖ አለ፤ የፈረንጅ ዘር። አበባው ጥልቅ ስለሆነ የኛ ንብ ምላስ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ዘር አይዝም፣ ዘሩ በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንግዶቹ ግን ምላሳቸው ረጅም ነው።

«ከሞቱ በረሃብ ሞቱ አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው» አለኝ ይርጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተረከብኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»

አሻጥር የምትባል ቃል በዚህ ዘመን ሰውን የት እንደምታደርስ ለአንባቢ አላስረዳም። ሻዩን ሳይነካው ተነሣን።

እንጦጦ፣ ረፋዱ ላይ

ላንድሮቨሯ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። እንጦጦ ማርያምን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ በኖራ ነጥቶ አየን። ባሕር ዛፉም እስከ ወገቡ ተቀብቷል። ይርጋ ፊቱ ተለወጠ። ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ድንጋይ እንደሚቀባ፣ ሣር እንደሚታጨድ የማያውቅ የለም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እየሮጠ ተቀበለን። ትናንት አባላቱን በሙሉ በዘመቻ አሰልፎ አረሙን እንዳስጨረሰ በኩራት ነገረን። ማሳው እንደ ምልምል ወታደር ራስ ተላጭቷል። በላዩ ላይ በቀይ ጨርቅ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ተሰቅሏል።

«አረም አይደለም፤ የንቦቹን ምሳ ነው ያጨዳችሁት» አለ ይርጋ።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና አበባ ካስፈለገ መድረኩ ላይ የወረቀት አበባ አለ አለው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሊቀመንበር ባይሆን ምን ይሆን ነበር?

ከማሳው አጥር ማዶ ግን አንዲት ጓሮ በባቄላ አበባ ነጥታለች። ባለቤቷ እማማ ወርቄ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ጓሮዋ የአቀባበሉን መልክ ታበላሻለች ተብሎ በዓሉ ሳይጀመር እንድትታጨድ ተወስኗል፤ እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ በራፏ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ዓመቱን የሚበሉት ይህንኑ ባቄላ ነው። ይርጋ ሮጦ ሄደና ሣጥኖቹን እዚያ ልክፈት ብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ለንቦቹ ሆዴ አይጨክንም» አሉ። «ግን ይኼ ሰውዬ መጥቶ አይታጨድም ይበለኝ። ሰው እየሰማ።»

ሊቀመንበሩ ቁልቁል አየ። ለበዓሉ የሚጠበቁት የትልቁ ባለሥልጣን መኪና አቧራ እያስነሣ ይመጣል።

«አይታጨድም» አለ።

«ጮክ በል፤ ትናንት ስትሰድበኝ ድምፅ ነበረህ።»

ጮክ አለ። ሣጥኖቹ ተከፈቱ። ንቦቹ ሰውነታቸው ከብዷቸው እየተንገዳገዱ ወጡና ባቄላው ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀበሩ። ይርጋ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከልቤ ደስ አለኝ።

ባለሥልጣኑ ደርሰው ባቄላውን ሲያዩ ንግግራቸው እዚያው ደመቀ። ይህ የማኅበሩ የጋራ ላብ ፍሬ ነው አሉ። ሊቀመንበሩ አላረማቸውም። ባለሥልጣኑም ጓሮው ከዛሬ ጀምሮ የንቦቹ መመገቢያ ሆኖ በማኅበሩ እጅ እንዲጠበቅ አዘዙ። ተጨበጨበ። እማማ ወርቄም ከሰው ጋር እያጨበጨቡ ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

መኪናው ከሄደ በኋላ እማማ ሊቀመንበሩን ያዙት። እሸቱን የሚለቅመው ማን ነው? ማኅበሩ። የደረቀውንስ? እሱንም ማኅበሩ።

«ቃል ገብተህልኝ አልነበር?»

«ቃሌንማ አላጠፍኩም፤ አልታጨደም» አላቸው።

ወደ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ

ይርጋ ባዶ ሣጥኖቹን ታቅፎ ተቀምጧል። ላምበረት ደረስን።

«ንቦቹ ግን በልተዋል» አለ።

ጋሽ ታፈሰ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ «እማማስ?» አሉ።