ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ዳገት ላይ አሮጌ ታክሲ ማርሽ አልገባለት ሲል የሚያወጣውን ድምፅ ታውቂዋለሽ? ያንን ብረት ብረትን የሚፍቅበትን ጩኸት? ረዳቱ ይስቃል፣ ሾፌሩ ይራገማል፣ መንገደኛው ፊቱን አጨማዶ ያልፋል። እኔ ግን ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ እቆማለሁ። ትናንትም እንዲሁ ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ልጅ “እማማ፣ አሞዎት ነው?” ብላ ክንዴን ያዘችኝ። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት ነበር። “ደህና ነኝ ልጄ፣ ዳገቱ ነው” አልኳት። አልዋሸሁም፤ ዳገቱ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ባሌ ደግሞ ሾፌር። ከጠላት በፊት የአንድ መኳንንት መኪና ይነዳ ነበር፤ መኳንንቱ ሲሰደዱ መንገድ የሚያሠራ አንድ ጣሊያን ወሰደው። ጣሊያኑ ዓይኑ ደካማ ስለነበር ራሱ አይነዳም፤ ፍጥነት ግን ነፍሱ ነው። አፍንጫዋ የረዘመ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች ጥቁር መኪና ነበረችው። ጋራዡ ከታች ከወንዙ ድልድይ አጠገብ፣ ቤቱ ከእኛ በላይ ስለነበር መኪናዋ ሁልጊዜ ዳገቱን ወጥታ በደጃችን ታልፋለች።

ለእኛ ቁም ነገሩ ደመወዙ አልነበረም፤ የሥራ ወረቀቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ወረቀት የሌለው ወንድ ከቤቱ ወጥቶ የመመለሱ ነገር አይታወቅም። የታችኛው ግቢ ጎረቤታችን ጨው ሊገዛ እንደወጣ በካሚዮን ተጭኖ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም። ባሌንም በየካቲቱ እልቂት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች መንገድ ላይ አግኝተውት በአካፋ ቀኝ ትከሻውን መቱት። አካፋው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ በግራ እጁ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋላቸው። ተውት። እንግዲህ ያቺ ወረቀት ለእኛ ምን እንደነበረች አስቢው።

ወጌሻው አሽቶ አሰረለት። ትከሻው ለሚያየው ሰው ዳነ፤ ምግብ ይጎርሳል፣ ጋቢውን ይደርባል። ወደ ፊት መግፋት ግን አቃተው። አንድ ቀን ጋራዥ ሄዶ መኪናዋን ሞክሯት ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

“አልሆነም” አለኝ። “ሁለተኛ ላይ እጄ ይቀራል።”

የዚያን ጊዜ መኪና እንዳሁኑ ገር አይደለም። ፍሪሲዮን ረግጠሽ ማርሹን ታወጫለሽ፤ እግርሽን ታነሺና እንደገና ረግጠሽ ታስገቢያለሽ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሆን ዘንጉን ከኋላ አውጥተሽ ወደ ቀኝና ወደ ፊት መግፋት አለብሽ። ሜዳ ላይ ብትዘገዪ ምንም አይደል። ዳገት ላይ የዘገየሽ እንደሆነ ግን መኪናው ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ማርሹ ሰፈር እስኪሰማ ይጮኻል። ጣሊያኑ ደግሞ ታሞ አስመራ ሰንብቶ ነበርና ከፋሲካ በኋላ እንደሚመጣ ተነግሯል። ገና ከመምጣቱ ዳገቱን በሙሉ ፍጥነት ማስወጣት ልማዱ ነው።

“ካልቻልክስ?” አልኩት።

“ወረቀቱን ይቀበለኛል።”

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ምግብ አይወርድም። ታዲያ አንድ ጠዋት ሙቀጫውን ከጓዳ አውጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ከቀኝ ጉልበቱ አጠገብ አቆመው። ዘነዘናውን ውስጡ አስገብቶ እንደ ማርሽ ዘንግ ጨበጠ። ከእግሩ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረገ፤ ያ ፍሪሲዮን ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። አእምሮውን የሳተ መሰለኝ።

“ነይ” አለኝ። “ሞተር ሁኚልኝ።”

“ምን?”

“መቼ እንደምቀይር የሚነግረኝ ድምፁ ነው። ነይ እባክሽ።”

አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ሞተር ሆንኩ። “እንንንን” እያልኩ ድምፄን አነሳለሁ፤ ሲቀጥን እግሩ ድንጋዩን ይረግጣል፣ ዘነዘናው ከሙቀጫው አፍ አንዱን ጎን ለቆ ወደ ሌላው ይሄዳል። መሄድ ካልኩት ነው እንጂ መንገድ ላይ ይቀራል። ላቡ ከግንባሩ ተንቆርቁሮ በርበሬ የወቀጥኩበት ሙቀጫ ውስጥ ይንጠባጠባል። ጥርሱን ነክሶ “እንደገና” ይለኛል። እኔም እንደገና።

አማቴ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖሩት። ቁጡ ሴት ናቸው፤ እኩያዬ ነው ብዬ ባሌን “አንተ” ማለቴን እንኳ ገና አልማሩኝም። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱብን።

“ኧረ ጉድ! ቤቴን ጋራዥ አደረጋችሁት? አንቺስ ምን ሆነሽ ነው እንደ ንብ የምታንዣብቢበት?”

“እማዬ፣ ዳገቱን ለመውጣት ነው” አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ጓዳ ገቡ። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው።

ፋሲካ አለፈ። የጣሊያኑ መምጫ ሲቀርብ የባሌ እጅ አልተሻለም፤ እንዲያውም በልምምዱ ብዛት አበጠ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘነዘናውን ወርውሮ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

“ተይኝ፣ አለቀልኝ። ይምጡና ይውሰዱኝ።”

እኔ ደግሞ ሲብስብኝ የምናደድ ሰው ነኝ። ዘነዘናውን አንስቼ ፊት ለፊቱ መውቀጥ ጀመርኩ፤ የሚወቀጥ ነገር አልነበረም፣ ባዶ ሙቀጫ ነው የማንኳኳው። “እየኝ!” አልኩት። “ይሄን በክንዴ ነው የማነሳው? በክንድ የሚወቅጥ ሰው አንድ እፍኝ በርበሬ ሳያደቅ ይዝላል። ከወገብ ነው! ክንድህን ተወውና ከወገብህ ሂድበት!”

“መኪና ውስጥ ወገብ ከየት ይመጣል?” አለኝ፣ በብሽቀት። ግን ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዘነዘናውን መጨበጡን ትቶ መዳፉን ከኋላው ደገፈበት፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ከወገቡ በላይ ያለው ገላው በሙሉ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ዘነዘናው ሄደ። ሁለታችንም ተያየን። “እንደገና” አለ፤ ያን ጊዜ ድምፁ ሌላ ነበር።

ፍጥነቱ በየቀኑ ጨመረ። እግሩ ከድንጋዩ ሳይነሳ ገላው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ድምፄ ሳይወድቅ ዘነዘናው ቦታው ይደርሳል። አንዲት ነገር ብቻ አልጠፋ አለች። ማርሹ ከወጣ በኋላ፣ ወደ ፊት ከመገፋቱ በፊት፣ እጁ ምራቅ የመዋጥ ያህል ይቆማል። ሕመሙ ነው የሚያቆመው። ልናጠፋት ያልሞከርነው ነገር የለም፤ አሳነስናት እንጂ አላጠፋናትም። ድምፄ ተዘግቶ መናገር ያቃተኝ ቀን አማቴ ከጓዳ ወጡ። ማንንም ሳያዩ ቁጢጥ አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው “እንንንን” አሉ። ባሌ ሊስቅ ነው ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ጣሊያኑ የመጣው የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓሉ ንፍሮ ሲቀቅሉ የባቄላው ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። እኔና አማቴ አጥሩን ይዘን ቆምን። ከታች ከድልድዩ ሞተሩ ተነሳ። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፤ ምራቅ የመዋጥ ያህል። እኔም ከእሱ ጋር ዋጥኩ። ሦስተኛው ያለ ምንም ጩኸት ገባ፤ መኪናዋ አቧራ አስነስታ በደጃችን ሽው ብላ አለፈች። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እጃቸው ነክቶኝ የማያውቅ አማቴ ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ማታ እየሳቀ ነገረን። ጣሊያኑ “ብራቮ!” እያለ የታመመውን ትከሻ ደጋግሞ መታው፤ እሱም ምላሱን ነክሶ ፈገግ አለለት። ያቺን ማታ ጠግበን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ንፍሮ ከዚያም ወዲህ አልበላሁም።

ደስታችን ግን አልሰነበተም። ጣሊያኑ እንዲህ ያለ ሾፌር ከተማ ውስጥ ምን ያደርጋል አለ። በአምቦ በኩል ወዳለው የመንገድ ሥራ ሰፈር ፖስታና መድኃኒት ያመላልስ ተባለ። በዚያ መንገድ አርበኞች ዳገት ዳገቱ ላይ አድፍጠው ይጠብቃሉ፤ ካሚዮኖቹ ማርሽ እስኪቀይሩ ይመቷቸዋል። የሚያመልጥ ካለ ፈጣን መኪናና የማይዘገይ ሾፌር ነው። ባሌ ይህን ሲነግረኝ እጁን እያየ ነበር።

“የሚተኩሱት የእኛው ልጆች ናቸው” አለኝ። “ብዘገይ እነሱ ይገድሉኛል፣ እምቢ ብል እነዚህ። ካልዘገየሁ ደግሞ ከወገኔ እየሸሸሁ ነው።”

አቅፌው አለቀስኩ። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ “ባታለማምጂው ኖሮ” ሊለኝ ይቃጣዋል፤ አንዳንዱም ብሎኛል። ባላለማምደው በግንቦት ይወስዱት ነበር። ማን አገሬን እንደወረረ፣ ማን በአካፋ እንደመታው በዓይኔ አይቻለሁና የሰው ጥፋት አልሸከምም። ያቃጥለኛል ግን። አሁንም ያቃጥለኛል።

ሄዶ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። በሄደ ቁጥር ምጥ ነው። እንጨት እየፈለጥኩም ልብስ እያጠብኩም ጆሮዬ ዳገቱ ላይ ነው። ሞተሩ ከታች ሲነሳ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሄድ ያቺን ጸጥታ ስሰማ እተነፍሳለሁ። ያን ያህል ላጠፋት የታገልኳት ጸጥታ በዓለም ላይ ከምወዳቸው ድምፆች ሁሉ በለጠችብኝ። ማንም ሾፌር እንደዚያ አይቆምም፤ እሱ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሳይከብድ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ምን እንዳገኘው እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ የለም። ጣሊያኑ “ተኩስ ነበር” አለ፣ አበቃ። አስከሬኑን አላየሁም፣ መቃብሩንም አላውቅም። ወሬው ከመድረሱ በፊት የነበረችውን ጥቂት ጊዜ ግን አልረሳትም።

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ጭቃው ላይ ታበራ ነበር። አማቴ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅማሉ፣ እኔ ከጎናቸው ነጠላ እቋጫለሁ። ከድልድዩ በኩል የዚያች መኪና ሞተር ተነሳ። ከሄደ ሰንብቶ ስለነበር ልቤ ዘለለ። አንደኛ። ሁለተኛ። ድምፁ ቀጠነ። ትንፋሼን ያዝኩ።

ሦስተኛው ወዲያው ገባ። ምንም ጸጥታ የለው፣ ምንም ምራቅ መዋጥ የለው። ትከሻው ደህና የሆነ ሰው እጅ ነበር።

አልጮህኩም። አማቴን አየኋቸው። መጣ ልጄ ብለው ሊነሱ ነው፤ መኪናው ደጃችን እስኪደርስ ድረስ ልጅ ያላቸው እናት ይሁኑ አልኩና ከንፈሬን ነከስኩ።

“ውሃ ጣጂለት” አሉኝ። “ደክሞት ነው የሚመጣው፣ እግሩን ይታጠባል።”

“እሺ” አልኩ።

ስነሳ ግን ሰፌዱን አየሁት። ምስሩ ሁሉ ጭቃው ላይ ተበትኗል፤ እሳቸው ባዶውን ሰፌድ ይለቅማሉ። ለካ እሳቸውም ሰምተው ኖሯል። እኔን ነበር ባል እንዳላት ሴት የሚያቆዩኝ።

ገብቼ እሳቱን አነደድኩ፣ ውሃውን ጣድኩ። እስኪፈላ ድረስ አልተያየንም።