ፎርሙ ላይ ያልነበረ ጥያቄ

ሐይቅ ከተማ ነርስ ነኝ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎችን ደኅንነት በየወሩ በፎርም እጠይቃለሁ።

ባለፈው ዓሣ አስጋሪው ጋሽ ደምሌ መጡ። እንቅልፍ ደህና፣ ምግብ ደህና። ድምፅ ይሰማዎታል ስላቸው፣ «ኧረ ከተወኝ ቆየ» አሉ። ደስ ብሎኝ ፎርሙን ላጥፍ ስል፣

«ስለ እንባስ አትጠይቂኝም ልጄ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም አልኳቸው። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ኪኒኖች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«እናቴን ስንቀብር እንባ ጠብ ሳይለኝ ቀረ። አገር ታዘበኝ። መድኃኒቱ ይሆናል ብዬ እስከ ሣልስቷ ሳልውጥ ቆየሁ።»

ነፍስ ይማር ብዬ ኪኒኖቹን ቆጠርኩ። «አለቀሱ ታዲያ?» አልኩ።

«እስካሁን እንቢ አለኝ። አሁን ልዋጣቸው ወይስ እስከ አርባዋ ልታገሥ?»