ከኮከቡ ራስ የወጣው ጢስ

በ፲፰፻፸፭ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ሉቃስ በገባ በመጀመሪያው ወር፣ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ በኩል ጅራታም ኮከብ ይወጣ ጀመር። አንኮበር በገደል አፋፍ ላይ ያለች ስለሆነች እስከ ቆላው ጥግ ድረስ ዓይንን የሚከልል ነገር የለም፤ ስለዚህ ኮከቡን እኛ ከብዙዎች አጥርተን አየነው። አይተንም አልተደሰትንም። አንዱ ጦር ነው አለ፣ ሌላው በሽታ ነው አለ፤ ሰው ሁሉ ምልክቱ በማን ላይ እንደ መጣ ለማወቅ ጎረቤቱን በጎን ይመለከት ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርሁ፤ ቁልፉም በእኔ እጅ ብቻ ነበር። ከተረከብሁት ዕቃ መካከል አንድ የውጭ አገር መንገደኛ ለንጉሡ ያበረከተው የናስ መነጽር ይገኝበታል። ሩቁን አቅርቦ ያሳያል። በግምጃ ቤታችን ክረምት ሳይገባ የቆዳ ዕቃን ሁሉ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ መቀባት ደንብ ነውና፣ የመነጽሩም ማኅደር በየዓመቱ ይቀባል። መስተዋቱን ግን በንጹሕ ጥጥ ከመወልወል በቀር ምንም አስነክቼው አላውቅም።

የቤተ መንግሥቱ አዛዥ የኮከቡን ነገር መርምረው እንዲነግሯቸው ባሕረ ሐሳብ የሚቈጥሩትን መሪጌታ አዘዙ። መሪጌታው በሰኔ በዚሁ መነጽር ጨረቃን አይተው አድንቀው ነበር። አሁን ግን መነጽሩን በደጁ ካብ ላይ አስደግፈው ጥቂት እንዳዩ ቀና አሉ።

«ይህ መስተዋት ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም፣ መሪጌታ።»

«ከኮከቡ ራስ ጢስ ይወጣል። ኮከብ ይጤሳል እንዴ?»

ተጠግቼ አየሁ። እውነታቸውን ነበር። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ከበሬ አፍንጫ የሚወጣውን እስትንፋስ የመሰለ ሁለት ቀጭን ጭረት ከኮከቡ ራስ ፀሐይ ወደምትወጣበት አቅጣጫ ይወጣል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላም ነፋስ እንደ መለሰው ሁሉ ወደ ኋላ ታጥፎ ከጅራቱ ይቀላቀላል።

«በሰኔ ንጹሕ ነበር» አሉ መሪጌታው። «ወይ ቅቤህን አስልሰኸዋል፣ ወይ ደኅናውን ለቆላ ነጋዴ ሸጠህ የማይረባ መስተዋት ተክተሃል።»

«ቅቤ የሚነካው ማኅደሩን ብቻ ነው።»

«እንግዲያማ ቅቤህ ሰማይ ደርሷላ!»

የደጁ ዘበኞች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የንጉሥ ዕቃ ለወጠ የተባለ ሰው ሹመቱን ብቻ ሳይሆን እጁንም ሊያጣ ይችላልና። መሪጌታው «በንጉሥ አምላክ!» ብለው ለክስ አቆሙኝ። በዚያ ወራት ችሎቱ ደብረ ብርሃን ስለ ነበር፣ እንደ አገሩ ልማድ የኩታችን ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ሆነን ተነሣን። ዋስ ብጠራ ሳልታሰር መሄድ እችል ነበር፤ ሊያመልጥ አስቧል እንዳይሉኝ ተውሁት። ቁልፌን አዛዡ ተቀበሉኝ። መነጽሩንም መሪጌታው በአንገታቸው አንጠለጠሉት።

ከመንገድ ዳር ባለ የባላገር ቤት አደርን። መሪጌታው ሲገላበጡ እኔም እገላበጣለሁ፤ ስነሣ ይነሣሉ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ወደ ደጅ ነው፣ መሪጌታ። ቢፈቅዱልኝ ብቻዬን እሄድ ነበር።»

ስንወጣ ኮከቡ ከጋራው በላይ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ በመንገድ ሳስበው የዋልሁትን ነገርኋቸው። «ጉድፉ በመስተዋቱ ላይ ከሆነ፣ መነጽሩ በራሱ ዙሪያ ሲዞር ጉድፉም አብሮት ይዞራል። በኮከቡ ላይ ከሆነ ግን እኛ ብናዞርም እርሱ ባለበት ይቀራል። ይሞክሩት።»

«እጅህን ከናሱ አርቅ!»

«አልነካሁም። እርስዎው ያዙሩት።»

አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ አንድ ዓይናቸውን በመነጽሩ ሌላውን በእኔ ላይ ለማድረግ እየሞከሩ አዞሩት። ቋጠሮው ከክንዳቸው ጋር ስለሚሄድ እኔም እየተጎተትሁ በጀርባቸው ዞርሁ።

«አትግፋኝ!»

«የሚጎትቱኝ እርስዎ ነዎት።»

ደግመው አዞሩ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ሌላ ብሩህ ኮከብ መለሱት፤ ቆይተውም እንደገና ወደ ባለ ጅራቱ። ምን እንዳዩ ብጠይቃቸው መነጽሩን ማኅደሩ ውስጥ ከትተው «የምናገረው ለዳኛ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ከሁሉ የከፋ ነበር። ያዩትን አውቃለሁ፤ ይናገሩት እንደሆነ ግን አላውቅም። ከሳሽ ሐሰተኛ ሆኖ ከሚገኝ ይልቅ ማስረጃው ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሻለዋል። ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ዓይኔን ከእጃቸው አላነሣሁም። እርሳቸውም መነጽሩን የምነጥቃቸው ስለ መሰላቸው በብብታቸው አቅፈው ይሻገሩ ነበር። ያየን መንገደኛ ሁሉ «እግዜር ያስታርቃችሁ» ይለን ነበር።

ችሎቱ ፊት ስንቆም ዳኛው፣ ብርዱን ፈርተው በወፍራም ባና የተጠቀለሉ ሽማግሌ፣ መነጽሩን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ መሪጌታውን ጠየቁ።

«ተለውጧል ነው የሚሉት?»

መሪጌታው ኩታቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ እኔም አብሬ ተሳብሁ።

«መስተዋቱ ደኅና ነው» አሉ። «ጢሱ የኮከቡ ነው። መነጽሩን አዙሬ አይቻለሁ፣ ጢሱ አልዞረም።»

እፎይ ልል ስል ቀጠሉ።

«ነገር ግን ጌታዬ፣ ይህን ብልሃት ይህ ሰው ከወዴት አገኘው? መነጽሩን ለብቻው ሲያገላብጠው ካልከረመ በቀር የግምጃ ቤት ጠባቂ ይህን አያውቅም። ዛሬ ያገላበጠ ነገ ይፈታታዋል።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ስረከበው የነበረ ጭረት አለ። ስወለውል መነጽሩን ባዞርሁት ቁጥር ጭረቱ አብሮ ሲዞር አይቻለሁ። የተረከበውን ዕቃ የማያውቅ ጠባቂ ዘበኛ እንጂ ጠባቂ አይባልም።»

ዳኛው ጭረቱን ፈልገው አገኙት። ሳቁና ቋጠሯችን እንዲፈታ አዘዙ። በሹመቴም አጸኑኝ። ነገር ግን ወዲያው ሌላ ፍርድ ጨመሩ፤ ግምጃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ይበጅለት፣ ሁለተኛውንም ይህን ያህል የሚጠረጥሩት መሪጌታ ይያዙት አሉ።

እንዲሁም ሆነ። ኮከቡ እየደከመ ሄዶ ጠፋ፤ እኛ ግን ብዙ ዓመት ያን በር አብረን ስንከፍት ኖርን። በእርጅና እስክሰናበት ድረስ ከዚያ ቤት አንዲት ዕቃ አልጎደለችም፤ ይህንንም ማንም ሊክደው አይችልም። መሪጌታው በየማለዳው «እስቲ አንተ ቅደም» ይሉኛል። እኔም «እርስዎ ይቅደሙ» እላቸዋለሁ፤ ለክብራቸው ይመስላቸው ነበር፤ እኔ ግን ከኋላ ሆኜ እጃቸውን ለማየት ነው።