የአፕል ጣዕም

አዘዞ፣ ለእንግሊዝኛ መምህራን በተሰጠ ስልጠና ላይ አሠልጣኙ አፕል ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ምን እንደሆነ አትንገሯቸው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው እየጠየቁ ይድረሱበት» አለን። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ያደግሁባት መካነ ብርሃን ትዝ አለችኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነው። መምህራችን አፕል በጠመኔ ስሎ ስሙን በእንግሊዝኛ ያስደግመናል። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ጣዕሙ ምን ይመስላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ «ጣዕሙ ለፈተና አይመጣም!» ብሎ ጮኸብኝ፤ አባቴንም አስጠራ።

«ምነው አያ ካሳ፣ ልጅዎን በተማሪ ፊት እንድታሳፍረኝ ነው የላኩብኝ?»

የቄስ ትምህርት የተማረው አባቴ አንገቱን ደፋ። «እኛ ዳዊት የደገምነው ሳንጠይቅ ነው» አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ «ከእንግዲህ ቤት ትውያለሽ።»

መምህሩም አፕል ቀምሶ እንደማያውቅ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የተመለስኩት ደግሞ አባቴን ከቀበርን በኋላ።

አሠልጣኙ ንግግሩን ሲጨርስ አዳራሹ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበለት።

«እሺ፣ ጥያቄ ያለው?»

አንድም መምህር እጁን አላወጣም። እኔም አላወጣሁም።